ሱሉልታ ላይ ገመዱን ያልለቀቀው ዮናን

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓለም ገና ነው። «የቃሬዛ ጓድ በቡራዩ ዞሮ ሱሉልታ ይግባ፤ ኮረብታው ላይ ቁስለኛ አለ» ይላል። ያነበቡልን አዛዣችን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሰበታ ሰው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቆጠሩን። አሥራ ሁለት ነበርን። ስምንታችን የሰፈር ሰዎች፣ አራቱ የላይኞቹ። ጠመንጃ የያዘ ከመሃላችን አልነበረም።

ከኋላ የመጣችሁ ልጆች «የላይኞቹ» ስል ላይገባችሁ ይችላል። ቅድመ አያቶቻቸው ሕዋ ላይ መኖር እንዲችሉ ሐኪሞች ዘራቸውን ከሥሩ የለወጡላቸው ሰዎች ናቸው። እዚያው ላይ፣ ክብደት በሌለበት ቤት፣ ሲዋለዱ ኖሩ። ቤታቸው ሲያረጅ ወደ ምድር ወረዱና ሱሉልታ ኮረብታ ላይ ሰፈሩ፤ ከፍታው ይስማማቸዋል ተብሎ። ረጃጅም፣ ቀጫጭን ናቸው። የእግራቸው ጣት እንደ እጅ ይጨብጣል። ተዘቅዝቀው ቢውሉ አይዞርባቸውም። መሬት ላይ ግን ያለ ብረት መደገፊያ ሃያ እርምጃ መሄድ ይከብዳቸዋል፤ ልባቸው ይመታል፣ ያለከልካሉ።

ሁለተኛው ማስተር ፕላን ሲወጣ የገበሬውን ማሳና የእነሱን ሰፈር አንድ ላይ ለከተማ ማስፋፊያ ከለለው። ረብሻው ከዚያ ተነሳ። ወጣቱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ አንነሳም አለ። ልጄ ጫልቱ ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እኔ ጓዱ ውስጥ የገባሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ፈሪ ነኝ፤ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እንኳ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። የገባሁት ልጄን ፈልጌ ላመጣ ነው። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው።

ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ የገመድ አያያዝ ያስተማሩን የላይኞቹ ናቸው። የእኔ አስተማሪ ዮናን ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛ የለመደው ከሽማግሌዎች አፍ ስለሆነ ለሁሉም አንቱ ይላል። አንድ ቀን የጋሪውን አህያ «እባክዎ ይራመዱ» ሲል ሰማሁት። ኦቦ ቶሎሳ፣ አህያው ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሞ ሽምግልና ሊቀመጥ ነው ብለው አሳቁን። ዮናንም ሳቀ፤ አንቱታውን ግን አልተወም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ምንም ነገር ሲያቀብሉ፣ ተቀባዩ «ይዣለሁ» ካላለ አይለቁም። የውሃውን ጀሪካን በሁለት እጄ ጨብጬ ብስበው ዮናን አይለቅም።

«ያዝኩት እኮ። እያየህ አይደል?»

«ዓይን ይሳሳታል፣ እትዬ። ቃሉን ይበሉኝ።»

ምክንያቱን ነገረኝ። እነሱ ዘንድ የተለቀቀ ነገር አይወድቅም፤ ይሄዳል። አያቱ አንድ ቀን ከቤቱ ውጭ ጥገና ላይ ሳሉ የታናሽ ወንድማቸውን ገመድ ለጓደኛቸው አቀበሉ። የያዘው መስሏቸው ለቀቁ። ወንድማቸው እጁን እያወዛወዘ ሄደ። አንሶ አንሶ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳይሰማ የሚለቅ ሰው የለም፤ ሕፃን እንኳ «እማማ» ከማለቱ በፊት የሚማረው ይሄንኑ ነው። እኛ ግን ቀለድንበት። በዚህ አካሄድ ምሳ ሲቀርብ ይመሻል ተባባልን።

ቡራዩ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ከጭነት መኪናው ወረድን። የላይኞቹን ከመንደሩ በተዋስነው ሁለት ጋሪ ላይ አስቀመጥን፤ ቃሬዛውን ተሸክመን በእግር ዳገቱን ያዝን። ሱሉልታ ስንደርስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ከኮረብታው ግርጌ ጎርፍ የበላው ጥልቅ ቦረቦር አለ። ወጣቶቹ ሲሸሹ እዚያ ውስጥ ገብተዋል። ተኩስ ከባህር ዛፉ በኩል ይመጣል። ማን እንደሚተኩስ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም።

«ተኙ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ተኛን። በደረታችን እየተሳብን አፋፉ ላይ ደረስን። ከጎኔ ቃሬዛ ይዞ የነበረው ዳመነ፣ የዓለም ገናው ልብስ ሰፊ፣ ቀና አለ። ተመታ። አልተነሳም።

የላይኞቹ ብረታቸውን ከእግራቸው ፈቱ። ገመዱን አሰሩ። በእግር ጣታቸው የዛፍ ሥር እየጨበጡ፣ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ግድግዳውን ወረዱ። መሬት ላይ የምንደግፋቸው ሰዎች እዚያ ሲገቡ ውሃ ያገኘ ዓሣ ሆኑ። እኔ ወደ ታች ማየት አቅቶኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እነሱ ቁልቁል ተንጠልጥለው ቁስል ያስራሉ። አንድ ቁስለኛ ወጣ። «ይዣለሁ።» ገመዱ ተለቀቀ፣ ያቀበለው ሰው ከጥይቱ ሊከለል ድንጋይ ጥግ ገባ። ሁለተኛ ወጣ። «ይዣለሁ።» እስከ ስምንት ሰዓት አምስት አወጣን። አምስቱም ከዚያ ወዲህ ኖረዋል።

ስድስተኛዋ ጫልቱ ነበረች።

ጭኗን ተመታለች። ዮናን በእግሩ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ወገቧን በገመድ አስሮ፣ በሁለት እጁ ወደ ላይ ገፋት። በብብቷ ይዤ አፋፉ ላይ ጎተትኳት። ከዚያ በኋላ እጄ የሚያውቀው ደሟ ከየት እንደሚፈስ መፈለግ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይዘዋል?» አለ ከታች።

ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። አፌ አልከፈት አለኝ።

«እትዬ?»

ገመዱ ከልጄ ወገብ እስከ እሱ ጡጫ እንደተወጠረ ነው። ለቆ ድንጋዩ ጥግ መግባት ይችል ነበር። ልጄ መሬት ላይ መሆኗን ያያል። ግን ዓይን ይሳሳታል። ግልጥ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቃሌን ጠበቀ።

ሁለት ጥይት ሰማሁ።

«ይዣለሁ» አልኩ።

ጡጫው የተፈታው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱሉልታ ቀበርናቸው። ስድስት ናቸው። አራቱ ሳንደርስላቸው የሞቱ ወጣቶች፣ አንዱ ዳመነ፣ ስድስተኛው ዮናን። የላይኞቹ፣ ሰው አፈር ውስጥ አስገብተው አያውቁም። ሦስቱ ጓዶቹና አንድ የሰፈራቸው ሰው የዮናንን ሳጥን በገመድ አወረዱ። ሳጥኑ ታች ደረሰ። አልለቀቁም። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ቆሙ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እነሱ ገመዱን እንደጨበጡ ወደ ጉድጓዱ ያያሉ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ በጆሮዬ።

እኔ አውቄዋለሁ። ወደ ፊት ሄጄ አፋፉ ላይ ተንበረከኩ። መዳፌን አፈሩ ላይ አኖርኩ።

«ይዣለሁ» አልኩ።

አራቱም ገመዶች ረገቡ።

ፕላኑ በኋላ ተቀየረ፤ በእኛ ምክንያት ነው አልልም። የላይኞቹ ዛሬም ሱሉልታ ናቸው። የዮናን እናት ዘንድ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ ቃሉን ማዘግየቴን ነግሬያታለሁ። ሰማችኝና፣ «ልጄ ያደረገው የተማረውን ነው» አለችኝ።

ጫልቱ ትንሽ ታነክሳለች። ባለፈው ዓመት ወለደች። ሕፃኑን ስታቀብለኝ በሁለት እጄ ብይዘውም አትለቅም፤ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። አሁን አላዘገይም።