ዘፈን ባመጣው ሰው ስም

በቅርቡ አዳማ ውስጥ በሞት የተለዩን አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የካሴት ዘፈኖቻቸውን በሙሉ ኪስ በምትገባ ሃርድ ዲስክ አስገልብጠው ነበር። ፎልደሮቹን የሰየሙት ግን በዘፋኝ አይደለም፤ ካሴቱን ባመጣላቸው ሰው ስም ነው። አንዱ «የባቱዋ እህቴ» ይላል፤ ሌላው «የሞጆው ሾፌር»።

አንድ ቀን የምፈልገው ዘፈን ጠፍቶብኝ፣ «ጋሼ፣ በዘፋኝ ስም ላስተካክልልዎት?» አልኳቸው።

«ተው!» አሉ ቆጣ ብለው። «ዘፋኙን አገር ያውቀዋል። ያመጣልኝን ሰው እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?»

ዘፈኑን በከፈቱ ቁጥር ላመጣው ሰው ይደውሉ ነበር። በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምረው «አካም ጅርታ! ያንተን እየሰማሁ ነው» ይሉና ስልኩን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዲስኩን ሰካሁት። የሁላችንም ስም አለ፤ የእሳቸው የለም። «የጋሼ» ብዬ አንድ ፎልደር ከፈትኩና ባቱ ላሉት አክስቴ ደወልኩ።

«ጋሼ ራሳቸው የሚወዱት ዘፈን የትኛው ነበር?»

«እንጃ ልጄ፤ ለኔ ሲደውል የኔን ነበር የሚያሰማኝ።»

የሞጆው ሾፌርም ያንኑ አለኝ።

ፎልደሩ እስከ ዛሬ ባዶውን አለ።