አቶ መውጫና የካምቢዮው ዘይት

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ባልደረቦቹ «አቶ መውጫ» ይሉታል፤ ቤት ሊቀይር ላሰበም፣ ሊያገባ ለተነሳም፣ ስብሰባ ለሚገባም ምክሩ አንድ ስለሆነ፤ «ሳትገባ መውጫህን እይ!»

እሁድ ጠዋት ከመኪናው ሥር ጠቆር ያለ ጠብታ አገኘ። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው። ማርሹን የሚያለሰልሰው የካምቢዮ ዘይት ነው። ተንበርክኮ ሲያይ፣ ከታች ካለው የማፍሰሻ ቡሎን ነው የሚንጠባጠበው፤ ማሸጊያ ቀለበቱ አልቋል።

ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ጠብታ ማንን ገደለ? ዛሬ ግን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ በአሥር ሰዓት ከሆስፒታል ይወጣሉ። «በገዛ መኪናዬ ነው የማመጣቸው» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን የዳሩለት ዕለት «ጨዋ ነው፤ እጁ ግን ከወረቀት ሌላ አያውቅም» ብለው ነበር። ያቺ ቃል ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት እንደ እሾህ ተሰክታበት አለች።

«ወንድሜን ልጥራው?» አለች ሚስቱ በመስኮት። ወንድሟ መካኒክ ነው።

«ለአንድ ቡሎን? መጥቶ እንዲያላግጥብኝ?»

«ያላግጥ፤ ይሠራል እኮ!»

«ተይኝ ብያለሁ!»

ቀለበትና ዘይት ገዝቶ መጣ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ደህና አድርጎ ደግፎ፣ ካርቶን አንጥፎ ገባ። ሁለት ቡሎን አየ፤ አንዱ ከታች ማፍሰሻው፣ አንዱ ከጎን መሙያው። የቱ ይቅደም? ይሄም ጥያቄ ሆኖ! መውጫው ነዋ። የታችኛውን ፈታው፤ ዘይቱ ዷ ብሎ ሳፋ ውስጥ ወረደ።

«ሳፋዬን! የልብስ ሳፋዬን!» ጮኸች ሚስቱ።

እንዳልሰማ ሆነ። ቀለበቱን ቀይሮ ቡሎኑን አጠበቀና እያፏጨ ወደ መሙያው ዞረ። መሙያው ግን ንቅንቅ አላለም። በመዶሻ ኳ ኳ አደረገው። እምቢ። መፍቻ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ቁልፉ አመለጠና የቡሎኑን ጭንቅላት ልጦት፣ የእሱንም ጣት ልጦት ሄደ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ጠብታው በእርግጥ ቆሟል። ካምቢዮው ባዶ ነው፤ ምን ይንጠባጠባል?

ሚስቱ ከጠዋቱ ደውላ ኖሯል። ወንድሟ በሞተር ብስክሌቱ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ? የቱን ነው መጀመሪያ የፈታኸው?»

«የታችኛውን።»

«ምነው?»

ሚስቱ መለሰችለት፤ «ሳትገባ መውጫህን እይ!»

መካኒኩ በሳቅ ሆዱን ይዞ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። «ኧረ ጋሼ! ካምቢዮ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። መግቢያው እሺ ማለቱን ሳታይ መውጫውን አትክፈት። እምቢ ቢልህ እንኳ አሮጌው ዘይት ሆዷ ውስጥ ይቀርልሃል፤ ነድተህ እኔ ጋ ትመጣለህ።»

ከዚያ ከላይ በኩል ካምቢዮው ላይ የተሰካውን፣ የኋላ ማርሽ መብራት የሚያበራውን ማብሪያ ፈታ፤ በቀዳዳው ቀጭን ጎማ አስገብቶ፣ ዘይቱን በሊትር ለክቶ አንቆረቆረው። «ዛሬ በጓሮ በር ገብተናል። የላጥከውን ቡሎን ነገ ጋራዥ አምጣልኝ» አለና ማብሪያውን መልሶ ሄደ።

በአሥር ሰዓት አማቱ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አፍንጫቸው ግን አልተሸፈነም።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«የካምቢዮ ዘይት ነው፣ እማማ። ያፈስ ነበር።»

«እስቲ እጅህን።»

ሰጣቸው። የጠቆረውን መዳፍ፣ የተላጠውን ጣት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«እኔ እኮ ይሄ እጅ ከወረቀት ሌላ አያውቅም ብዬ ነበር። አፉ በለኝ ልጄ።»

ከኋላ ሚስቱ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ሳፋው፣ ስለ ቡሎኑ፣ ስለ ጓሮ በሩ ሊናገር አፉን ከፈተ። ወሬው ውስጥ ከገባ ግን መውጫው አልታየውም። መልሶ ዘጋውና ማርሽ አስገባ።