ባሕር ላይ ለተጣለ መረብ አንበሳሜ ላይ የተቀመጠ ሽምግልና

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተነሣን። ከዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ ከአበሩ ጋር የምንሄደው አንበሳሜ ነው፤ አባቷ ዘንድ። ወንድሟ ደሳለኝ በውጭ አገር ትልቅ የዓሣ መርከብ ላይ መካኒክ ነው። ካፒቴኑ ያረጀ ገመድና የተቀደደ መረብ ባሕር ላይ አስጥሎ፣ መዝገቡ ላይ "ወደብ አስረክበናል" ብሎ ጽፏል። ዛሬ ወደብ ሲደርሱ ተቆጣጣሪዎች ሠራተኛውን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ደሳለኝ እውነቱን ቢናገር እንጀራው ሊቀር ነው፤ ደብቆ ቢደረስበት ደግሞ እስር አለ። አበሩ "አንተ ሕግ ታስተምራለህ፤ መጥተህ ምከርልን" አለችኝ። እኔ ባሕር አይቼ የማላውቀው ሰውዬ!

በመንገድ

ከደብረ ታቦር ብርድ ወርደን ፎገራ ሜዳ ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ። ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ወረታ ላይ ሻይ በፓስቲ ቀማምሰን ስንቀጥል ስለ ባሕር ብክለት ሕግ ያተምኩትን ወረቀት አወጣሁ። ፕላስቲክ፣ ገመድና መረብ የትም ባሕር ላይ አይጣልም፤ የምግብ ትራፊ ግን ከየብስ ከተራቀ ይቻላል። ክስ የሚያቀርበው መርከቧ የተመዘገበችበት አገር ነው ወይስ ወደቡ ያለበት? ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቴም ተምታታብኝ።

"ገባህ?" አለችኝ አበሩ።

"ሊገባኝ ነው" አልኳት። ዋሽቻታለሁ።

አንበሳሜ፣ ስድስት ሰዓት

ሐሙሲት ላይ መኪና ቀይረን ደረስን። አባቷ አቶ ዋለ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጠዋል። ልጃቸውና ካፒቴኑ የተጣሉ መስሏቸው ሊያስታርቁ ነው። ጠላ ተቀዳልን።

"በል እስቲ መምህር፣ ተበዳዩ ማነው?" አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

"ባሕሩ ነው፣ አባቴ።"

"የማን ባሕር?"

"የማንም አይደለም።"

"ባለቤት ከሌለው ማን ይከሳል? ካሳውስ ለማን ሊሰጥ ነው?"

ወረቀቴን እንደገና ገለጥኩ። እሳቸውም ግራ ገባቸው፣ እኔም የባሰ ግራ ገባኝ።

ስልክ ጮኸ፤ ደሳለኝ ነው። አቶ ዋለ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አባዬ፣ ሊጠሩኝ ነው። ምን ልበል?"

"ሲጣል አይተሃል?"

"ያዘዘው ካፒቴኑ ነው። የጣልኩት ግን እኔ ነኝ።"

ይህን ማናችንም አላወቅንም ነበር። አበሩ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አቶ ዋለ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ እኔን አላዩኝም።

"እንግዲህ ተበዳዩ ባይታወቅም በዳዩ ታውቋል" አሉ። "ጣልኩ በል፣ ልጄ። ቢያባርሩህ ቤትህ አለ።"

ደብረ ታቦር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

አበሩ እዚያው ቀረች። ብቻዬን ተመልሼ ከሚኒባሱ ስወርድ መልእክቷ ደረሰኝ፦ "ተናግሯል። ከመርከብ አውርደውታል።"

ሕጉ አሁንም በቅጡ አልገባኝም። የራሴ ነገር ግን ገብቶኛል፤ አፍሬበታለሁም። ስልኩን ለእኔ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ "አላየሁም በል" ብዬ ልመክረው ነበር።