ለቁርስ የገዛሁት ቡላ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሬን ስከፍት አምስት ጎረቤቶቼ ቆመዋል። አንዷ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ይዛለች።

እኛ ቤት ሕፃን የለም። እርግዝናም የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት ከቡታጅራ ገበያ ቡላና ለጋ ቅቤ ገዝቼ በሰፈሩ መሀል ተሸክሜ አለፍኩ። እኔ የጎጃም ልጅ፣ ለነገ ቁርስ የቡላ ገንፎ አምሮኝ ነው። ለካ እዚህ ባል ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ ከታየ ለአራስ እየተዘጋጀ ነው።

የግቢያችን ትልቅ ሰው እትዬ ዘይነባ ባለቤቴን አገላብጠው ሳሟት። "ማሻአላህ፣ ስንት ወርሽ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ለቁርስ ነው" አልኩ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

ባለቤቴ ግን ሳቋን ስትጨርስ ለማንም ያልነገርነውን አወጣችው። "ሁለታችንም አስተማሪ ነን፣ ዘመድ እዚህ የለንም። ልጁን ማን ይይዝልናል እያልን አራት ዓመት ሄደ።"

እትዬ ዘይነባ ቆጣ አሉ። "እኛ ምንድን ነን? ድሮ እዚህ ግቢ ሕፃን ሳያለቅስ አይመሽም ነበር። አሁን የኛም ልጆች አንድ ወልደው በቃን ይላሉ። እጃችን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል እኮ።"

ከዚያ ገንፎውን እነሱው አገነፉት፣ አብረን በላነው። የኔ የነገ ቁርስም አብሮ አለቀ።

ሳፋውን ግን ትተውት ሄዱ። አልጋ ሥር ልከተው ስል ባለቤቴ "እዚያ አቧራ ይጠጣል፣ ከፍ አድርገህ ስቀለው" አለችኝ።

ሰቅዬዋለሁ። እናንተስ፣ ጎረቤት ቀድሟችሁ የወሰነላችሁ ነገር አለ?