እርማት ያለው የመጨረሻ ገጽ

ሐዋሳ ተማሪ ሳለሁ አንድ የፍቅርና የአስማት ታሪክ ጻፍኩ። ዶርም ውስጥ በስልክ እየተቀባበሉ ያላነበበው አልነበረም። አስማት የሚያውቅ ወጣት የሚወዳትን ልጅ ሊያድን ብሎ ሐይቅ ውስጥ ሲሰጥም ያበቃል። ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሳይቀር "አንቺ ጨካኝ፣ ክፍል ሁለት የታለ?" እያሉ ያዙኝ። ከሚገባኝ በላይ ኮራሁ። ክፍል ሁለትማ ተጠርዞ የሚወጣ እውነተኛ መጽሐፍ መሆን አለበት አልኩና ለማንም ሳላሳይ በእጄ መጻፍ ጀመርኩ።

ታይፕ የምታደርግልኝ ፒያሳ ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ያላት፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። ወሬ አታበዛም። አንድ ምዕራፍ ጨርሳ ከማተሟ በፊት ግን ሁልጊዜ "እርማት አለ?" ትላለች። አለ ካልኳት የያዘችውን ሁሉ አቁማ እስክሪብቶ ታነሳለች። እርማት ያልገባበት ጽሑፍ ከእጇ አይወጣም።

በክፍል ሁለት ልጅቷ የሰጠመውን ፍቅረኛዋን የሚመልስ አስማት ፍለጋ ትወጣለች። ሐይቁ ሦስት ነገር ይጠይቃታል፤ እሱ የለበሰውን፣ እሱ ጀምሮ ያልጨረሰውን፣ በመጨረሻም ራሷን። ታሪኩ እውነት እንዲመስል ብዬ የእኛኑ ሐይቅ ዳር አስገባሁበት። ሥሩ ውሃ የሚነካ አንድ ዋርካ አለ፤ ልጅቷ ስጦታዋን የምታኖረው እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሰጠኋት በሦስተኛው ቀን፣ በማለዳ፣ ዋርካው ጋ ሄድኩ። ሥሩ ላይ የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀይ ክር ታስሯል። ክሩ ልክ እንደጻፍኩት ሰባት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሐይቁ ዳር ያለው ግንብ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩኛል። ያንን ምዕራፍ ያነበበ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ደግሞ ግማሹ ተጠግኖ ግማሹ የተተወ የዓሣ መረብ ቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ብዕሬ ነገር ይጠራል ማለት ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን አምኜ ነበር፣ ይባስ ብሎም ደስ አለኝ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ዓርብ ከሰዓት ወሰድኩላት። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ከኋላዋ የሚጠራት ቢኖር መዞር የለባትም፤ ከዞረች ፍቅረኛዋን ለዘላለም ታጣዋለች። ሳትዞር ውሃው ይውጣታል። ስጽፈው አልቅሻለሁ፣ በለቅሶዬም ኮርቻለሁ።

ሴትየዋ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና "ታገኘዋለች?" አለችኝ።

"እንዴት አታገኘውም?" አልኳት።

"እርማት አለ?"

"ይሄ እንኳ እርማት የለውም።"

ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ ሱቋ ዝግ ነበር። ከጎኗ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ፤ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሐይቅ ወርዳለች፣ ልጄ" አሉኝ። "ምን እንደነካት እንጃ። እጮኛዋ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባው ባዶውን ከተመለሰ ወዲህ ወደዚያ ዞራ አታይም ነበር። ሰሞኑን አዘወተረች።"

ማንም አላነበበውም ስል የከረምኩትን ታሪክ፣ ቃል በቃል የምታነበው ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። እኔ የማየው ጣቶቿን ብቻ ነው። ባጃጅ ይዤ ቁልቁል ወረድኩ።

ጫማዎቿ ዋርካው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታለች፤ የእጅ ጽሑፌን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጭጋጉ ትሄዳለች። ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። በጠራኋት ቁጥር አንድ እርምጃ ትጨምራለች። እንዳትዞር የከለከልኳት እኔው ነኝ። ዋና አልችልም፤ በአካባቢው ከአባ ኮዳዎቹ በቀር የሚያየን አልነበረም።

"እርማት አለ!" አልኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ቆመች።

"የቱ ጋ?" አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

"መጨረሻው ገጽ ላይ። 'ውሃው ዋጣት' የሚለው ይሰረዝ።"

"በምን ይተካ?"

"'ዞራ ወጣች' በዪ።"

"ከዞረች እኮ ታጣዋለች።"

"አጥታዋለች" አልኳት። "ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አጥታዋለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ዞረች። ስትወጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ሹራቤን አለበስኳት፣ ጫማዋንም አጠለቅኩላት። የረጠቡትን ገጾች ግን አልጣለችም፤ ብብቷ ሥር ይዛቸዋለች።

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ከኋላችን፣ ከውሃው በኩል፣ የወንድ ድምፅ ስሟን ጠራ። አልጮኸም፤ ሰው ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደሚጣራ ያህል ነው። ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

ሰምቻለሁ። "ምኑን?" አልኳት፤ ሁለታችንም ሳንዞር ባጃጅ አስቆምን።