ቀይ ክር ያለበት ቦቲ

አዋጅ! የምዕራብ ፎክላንድ በጎች፣ ዝይዎችና ሁለት እግር ያላችሁ ሁሉ ስሙ! ቁመቷ ከአጥር እንጨት እምብዛም የማይበልጠው፣ ነፋስ በሯን ሲመታው «ማነው?» የምትለው የሎውሪ ኮቭ ነዋሪ ቴልማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የደቡብ ባሕር አእዋፍ የመጨረሻ ምሽግ ሆና ተሹማለች። ለዚህ ታላቅ ግዳጅ አንድ ባልዲ፣ አንድ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ ጀርም ገዳይ ተሰጥቷታል። ጠላት ይንቀጥቀጥ!

ጠላት አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠችው ቴልማ ናት።

ሴትዮዋ ስትፈጠርም ፈሪ ናት። ፈረስ ላይ ሳይወጣ ያደገ ሰው በሌለበት አገር ፈረስ ትፈራለች። ከተማ የምታደርሰውን ትንሿን አውሮፕላን ከመሳፈር የታመመ ጥርሷን ታቅፋ መክረም ትመርጣለች። ባሏ ሬጅ «ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ይቺን ለኔ ማን ሰጠኝ?» እያለ ሲያላግጥባት ሠላሳ ዓመት አለፈው።

የማትፈራቸው ከቤቷ በታች ባለው ገደል የሚፈለፍሉትን ፔንግዊኖች ብቻ ነበር። ቅንድባቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ቀይ፣ ከዓለት ዓለት እንደ ፌንጣ የሚዘሉ፣ ቁመታቸው ጉልበት የማይደርስ፣ ቁጣቸው ግን የጄኔራል። በልጅነቷ እናቷ በየጥቅምቱ መጨረሻ እንቁላላቸውን በቅርጫት ስትለቅም ቀሚሷን ይዛ ትከተል ነበር። በኋላ ለቀማው ቀረና ቆጠራ መጣ። ወፎቹን የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ጎጆ የሚቆጥርላቸው ሰው ሲያፈላልጉ ሬጅ «ሚስቴን ውሰዷት፤ የሌለውን የምታይ ሴት ያለውን አትስትም» አለ። ይኸው ፀጉሯ እስኪሸብት ትቆጥራለች። ባሕሩ ሞቀ፣ የሚበሉት ራቀ ይላሉ አዋቂዎቹ።  ቴልማ ከእናቷ ጋር በወፍ ብዛት መርገጫ ያጡበት የገደል እርከን ዛሬ ሣር አብቅሏል፤ እዚያ ስትደርስ ትንሽ ቆማ ትቀራለች።

ዘንድሮ ደግሞ የወፍ ጉንፋን በክንፍ ተሳፍሮ መጣ። ከከተማ አንድ ባለሥልጣን በርሮ ደረሰና በግ በምንሸልትበት አዳራሽ ቆሞ «እያንዳንዱ ዜጋ የተፈጥሮ ወታደር ነው!» ብሎ ጮኸ። ወታደሮቹ ኬክ በሉና ተበተኑ። ፍሬ ነገሩን የተናገረችው አብራው የመጣችው ተመራማሪ ኤይልሳ ናት። በሽታው በኩስና በጭቃ እንደሚሄድ፣ አንድ የባሕር ዳር የረገጠ ቦቲ ሳይፈተግ ሌላውን እንዳይረግጥ። ቴልማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦቲዋን እንደ ድስት ትፈትጋለች።

እንግዲህ በኛ ዘንድ ረፋድ ላይ ሻይ የተጣደበትን ቤት አልፎ መሄድ ነውር ነው። ቦቲን በረንዳ ላይ ሳያወልቁ መግባት ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ በየበረንዳው ጥቁር የጎማ ቦቲ እንደ ሰልፈኛ ይደረደራል፤ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ሱቁ የሚያስመጣው ሁለት ልክ ብቻ ነው፣ ትልቅና በጣም ትልቅ። ቴልማ ሁለት ካልሲ ደርባ «ትልቅ» የተባለውን ትጫማለች፤ እንዳይጠፋባት ፈርታም የግራውን አፍ በቀይ ክር ሰፍታበታለች።

ያን ቀን ቦቲዋን ፈትጋ ወደ ገደሉ ስትወርድ ጎረቤቷ ኒታ በመስኮት ጠራቻት። ገባች። ቤቱ ሞልቷል። ባለጀልባው ሌይተን ጥጉን ይዞ ኬክ ይጎርሳል።

«አንቺ ቴልማ፣ እስካሁን ነፍስሽ አልወጣችም?»

«ባንተ ወሬ ካልወጣች በምንም አትወጣ።»

«እንግዲያው ስሚ ወዳጄ፣ አዲስ ወሬ ልንገርሽ። ካስክ ደሴት በጎቹን ልናይ ወርደን ነበር። የባሕሩ ዳር ስኳ በስኳ ሆኗል፣ ሁሉም ሙት! አንዷ ብቻ ነፍሷ አልወጣም፣ አንገቷን እንዲህ አድርጋ…» ብሎ አንገቱን ወደ ጀርባው ጠመዘዘ፤ ዓይኑን ገለበጠ።

ስኳ ያ ቡናማ እንቁላል ሌባ ወፍ ነው፤ አልቃሽ የለውም። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሌይተን! ገበታ ላይ!» አለች ኒታ፣ እሷም እየሳቀች።

ቴልማ አልሳቀችም። «ቦቲህ… ካስክ የወረድክበት ነው?»

«ታዲያ በባዶ እግሬ ልምጣልሽ? ባሕር ውስጥ ነክሬዋለሁ እኮ! ባሕር ያላጠበውን የናንተ ባልዲ ሊያጥበው ነው?»

ደግሞ ሳቁ። ቴልማ የጀመረችውን ሻይ ትታ ተነሣች።  ወደ ወፎቿ መሄድ፣ ደህና መሆናቸውን በዓይኗ ማየት ብቻ ነው የታያት። በረንዳ ላይ እግሯን ያገኘችው ቦቲ ውስጥ ከታ ወጣች። ቀይ ክር የሰፋች ፈሪ፣ ክሩ ባስፈለገበት በዚያ ሰዓት ከፍርሃቷ ብዛት አላየችውም።

ገደሉ ወርዳ በጎጆዎቹ መካከል የጎጆ መቁጠሪያ መሣሪያዋን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ገባች። መሐል ስትደርስ ተረከዟ ተንሸራተተ። ጎንበስ አለች። ተረከዙ ላይ በጭቃ የተጣበቀ ቡናማ ላባ አለ። የግራውን አፍ ገለበጠች። ክር የለም።

እግሯ በቆመበት ደረቀ። ወደፊት ብትራመድ ጎጆ፣ ወደ ጎን ብትራመድ ጎጆ። ዞር ብላ የመጣችበትን አየች፤ በእርጥቡ ኩስ ላይ ዱካዋ ተሰልፏል፤ አንዱ ዱካ ውሃ ቋጥሯል። አንዲት ፔንግዊን ዱብ ብላ መጣችና መንቆሯን እዚያ ውሃ ውስጥ ነከረች።

«ተይ! ተይ አንቺ!» ብላ ጮኸች። ፔንግዊኗ ቀና ብላ አየቻትና ደግማ ነከረች።

ቴልማ ቦቲውን አውልቃ በካፖርቷ ጠቀለለች። በካልሲ በስለታሙ ዓለት ላይ፣ ባቷን በወፎቹ እየተነከሰች ወጣች። ላባውን በጣቷ ይዛው ነበር፤ አናት ላይ ስትደርስ ነፋስ ነጠቃት።

ቤቷ ገብታ ለኤይልሳ ደወለች።

«ልጄ፣ ጨረስኳቸው።»

«ቴልማ፣ ይረጋጉ። ምን ሆኑ?»

ነገረቻት።

«ላባው የስኳ ነው የዝይ?»

«ቡናማ ነው።»

«የሴቷም ዝይ ላባ ቡናማ ነው። ይዘውታል?»

«ነፋስ ወሰደው።»

  ኤይልሳ «ቦቲው የማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ» አለች። «ካስክን ካልረገጠ በሰላም ይተኙ። ከረገጠ ግን ዛሬውኑ ማወቅ አለብኝ፤ ገደሉን እንዘጋለን፣ ወፎቹን እንመረምራለን። እስከዚያው እንዳይወርዱ።»

ጠየቀች። ያን ዕለት ሎውሪ ኮቭ ውስጥ ቦቲውን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት ያልተወለደ ሰው ጠፋ! «የኔ የኔ ነው፣» «የኔንማ በጨለማም አውቀዋለሁ።» ሌይተን «የኔ እግሬ ላይ ነው» አለ፣ ወደ እግሩ ሳያይ። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አልተመለከተም። በነፋስ የምትደነግጥ ሴት ጥያቄ ይዛ ስትዞር ማን ጎንበስ ይላል? የቴልማ ቦቲ ግን በአንዳችን እግር ይሄዳል፤ ካፖርት ውስጥ የተጠቀለለውም ባለቤት የለውም።

አሁን ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ይዛ ተተክላለች። በሽታው ራስ ያስነቀንቃል ተብላለች፤ ፔንግዊን ደግሞ ጤነኛም ሲሆን የጠጣውን ጨው በአፍንጫው ለማራገፍ ራሱን ይነቀንቃል። ገደል ሙሉ ወፍ ይነቀንቃል! አንዱ በነቀነቀ ቁጥር ቴልማ መነጽሯን ወደዚያ ታዞራለች።

«ሴትዮ፣ ፔንግዊን ራሱን የነቀነቀው ዛሬ ነው? ጨው እኮ ነው!» አለ ሬጅ።

«አውቃለሁ። ያቺ ከጥጉ ያለችው ግን ረዘመባት።»

«የማን ረዘመ የማን አጠረ ልትይ ነው? ነይ የበግ ሥጋሽን ብዪ።»

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ትናንት ያቺ ከጥጉ ያለችው፣ ዱካው አጠገብ፣ በሆዷ ተኝታ ዋለች። አንገቷ ወደ ጀርባዋ ዞሯል፤ ሌይተን ገበታ ላይ እንዳሳየው። ከዓለት ወድቃም ይሆናል። የባሕር አንበሳ ነክሷትም ይሆናል። ሬጅ መነጽሩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየና ሳይቀልድ መለሰላት። ያኔ ነው ቴልማ እውነት የፈራችው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሏ ሳይቀልድ ቀርቶ አያውቅም።

ወሬው የደረሳት ኤይልሳ ነፋሱ ጋብ ካለ ወደኛ ትበራለች። አውሮፕላን ሲነሣ ጆሮዋን የምትይዘው ሴት ከንጋት ጀምሮ ማረፊያው ሜዳ ላይ በቤት ጫማ ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ነፋሱ ጋብ አላለም።

እንግዲህ አንተ፣ ይህን እያነበብክ ኬክህን የምትጎርሰው፣ የተፈጥሮ ወታደር የተባልከው! ማንም አይሰድብህም፤ እኔ እንኳ ምላሴን እሰበስባለሁ። ኤይልሳ ስታርፍ የሚነገራት ነገር ያስፈልገናል። ሲኒህን አስቀምጥ። በረንዳህ ውጣ። የግራውን ቦቲ አንሣና አፉን ገልብጠህ እይ። ቀይ ክር ካለበት፣ ካፖርት ውስጥ የተጠቀለለው ያንተ ነው…