ከፍራንክፈርት ሮም፣ ከቡሬ ጅጋ

ታናሽ እህቴ ጀርመን ሄዳ ቀረች፤ እኔ ቡሬ መምህርት ሆንሁ። በትምህርት እበልጣት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ ባላውቅም ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ እናታችንን ልጠይቅ ተነሣሁ። ከጅጋ ወጣ ባለ ገጠር ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን እያመማት ከግቢዋ መራቅ አቁማለች። ቡሬ መናኸሪያ ስደርስ ከእህቴ መልእክት ገባልኝ። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ናት፤ ሮም ሄዳ የጓደኛዋን ልጅ ክርስትና ልታነሣ ነው። ቢበዛ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን አለችኝ። መልካም ጉዞ ብዬ ጻፍሁላትና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርሁት።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ፍኖተ ሰላም ወርጄ ሌላው እስኪሞላ ደግሞ ጠበቅሁ። ሮም መግባቷን በፎቶ ስታበሥረኝ እኔ ገና እዚያው መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ፎቶው ላይ የፀሐይ መነጽር አድርጋለች። ከጅጋ ወዲያ በእግር ነው፤ ዝናብ ያዘኝ፣ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ስደርስ መሽቶ ነበር።

እናቴ እንቢ ብላት አልሰማ አለችና ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። እያጠበችኝ የምታወራው ግን ስለ እህቴ ነው። ጠዋት ደውላላት ኖሯል።

«እሷማ እንደ አሞራ ነው የምትበር» አለች። «አንቺ እዚህ ቡሬ ሆነሽ ካየሁሽ ሁለት ወር አለፈ።»

ይኼኔ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፤ እናታችን ጋ ደርሼ እንደሆነ ጠየቀችና አቅርቢልኝ አለችኝ።

«ተኝታለች» አልኋት።

እናቴ እግሬን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ስዘጋ፣ «ለእኔ የመጣውን ድምፅ ለምን ከለከልሽኝ?» አለች፤ ድምፅዋ አልተቆጣም።

«ቀንቼባት ነው» አልሁ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ እግሬን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችልኝ። ከዚያ እህቴ እንዳትነግሪያት ብላ ያስማለቻትን ነገር ነገረችኝ። በደወለች ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀው እኔ መጥቼ እንደሆነ ነው፤ እናቴ አዎ፣ መጥታ አድራ ሄደች ስትላት ስልኩ ላይ ታለቅሳለች። «እኔ አገር አየሁ፣ አንቺን ያየችሽ ግን እሷ ናት» ትላለች።

ማዘን ነበረብኝ። ደስ አለኝ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ፤ እሷም የምትመኘው አንድ ነገር እኔ ዘንድ በመኖሩ።

መልሼ ደወልሁና፣ «እማ ነቃች» አልኋት። እናቴ አላጋለጠችኝም፤ ስልኩን ተቀብላ ሮም ዝናብ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ጫማዬን ይዤ ጭቃውን ላራግፍ ወደ ደጅ ወጣሁ።